ጣና ዳር እየኖርኩ አዲስ የጥልፍ ንድፍ ከየት ላምጣ?

ጥልፍ በሽምብጥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ትንሽ የጥልፍ ቤት አለኝ። የሐበሻ ቀሚስ፣ የሙሽራ ካባ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እሠራለሁ፤ በእጅም በማሽንም። ሥራ ጠፋ ብዬ አላማርርም። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ሲከታተል እንደውም እንቅልፍ የለኝም። የቸገረኝ ሌላ ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ከቴሌግራም ያስቀመጠውን ፎቶ ያሳየኛል፣ «እንደዚህ» ይላል። ቀጥላ የምትገባዋም ያንኑ ፎቶ ይዛ ነው፤ ለውጥ ከተባለ ወርቃማው ክር ብርማ ይሁንልኝ ማለቷ ነው። ይህን ስሠራ ስሠራ እጄ ራሱ ለመደው። ባዶ ወረቀት ላይ እርሳስ ባሳርፍ የሚወጣው ያው መስቀል፣ ዙሪያውን የሚጠመጠመው ያው ቅጠል ነው።

አሁን ደግሞ አንዲት ሙሽራ መጣችና ስልኳን ሳታወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ጣና ያለበት ቀሚስ ሥሪልኝ። ግን ጀልባም ዓሣም እንዳይኖርበት፤ ጀልባና ዓሣ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሞልቷል። ሌላ ሰው ላይ ያላየሁት ይሁን።» እኔም በደስታ እሺ አልኳት። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ሳወጣ ግን ምንም የለም። ነጥፏል።

የማማክረው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ጣና ዳር ቁጭ በይ፣ ራሱ ይመጣልሻል።» አዲስ አበባ ያሉት የአክስቴ ልጆችማ «አንቺ ምን አለብሽ፣ በር ከፍተሽ ጣና!» ይሉኛል። በር ከፍቼ የማየው የጎረቤቴን ቆርቆሮ አጥር መሆኑን ማን ይንገራቸው። ይሁን ብዬ ደብተሬን ይዤ ሐይቁ ዳር እወጣለሁ። አንዱ «ጀልባ ትፈልጊያለሽ?» ይለኛል፣ አንዱ ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ፎቶ ላንሳሽ ይላል፣ ሲመሽ ትንኙ ይነሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያምራል፤ አያምርም አላልኩም። ግን ሳየው የሚመጣብኝ በየሱቁ የተሰቀለው ፖስት ካርድ ነው። ያየሁትን ነገር ሳይሆን የታየውን ነገር ነው የማየው፣ ገባችሁ?

እናንተ የምትጽፉ፣ የምትስሉ፣ የምትሸምኑ ሰዎች፣ ሐሳቡ ከየት ነው የሚመጣላችሁ? «ከልብ ነው» የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ፣ ልቤን ፈትሼዋለሁ።


ባጃጅ አባይ ማዶ፦

እኔ ሐሳብ የሚመጣልኝ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ባዶዬን ስመለስ ነው። ተሳፋሪ ሳገኝ ይጠፋል። ለማንኛውም እምቦጭ ጥለፊላት፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ጀልባም አይደል፣ ዓሣም አይደል። ጣና ላይ ደግሞ ከሱ የሚበልጥ የታወቀ ማን አለ?


የድሮ የቆሎ ተማሪ፦

እህቴ፣ ወንድማችን ከሚልሽ እምቦጭ እግዚአብሔር ያውጣሽ። ላንቺ ጥያቄ የሚሆን አንድ ነገር አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ ዋሸራ በኩል ቅኔ ቤት ነበርኩ። አሁን ቢሮ ነው የምውለው፣ ቅኔው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እዚያ ሐሳብ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጊዜም የለም። የግእዙ ግስ ይወርዳል፣ አገባቡ ይባላል፣ ከዚያ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ በየጫካው፣ በየመቃብሩ ጥግ ይበተናል፤ ቅኔ ሊቆጥር። ሁለት ሰው አንድ ዛፍ ሥር አይቀመጥም። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም ያቀኑለታል፣ ወይም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው ተማሪ ይዞራሉ፤ እሱ ነው የሚያመው።

ልብ በይ፣ ተማሪው ጫካ የሚገባው ጫካውን ሊያይ አይደለም። ዛፉ ከሰው ይለየዋል፣ ያ ብቻ ነው ሥራው። ይዞት የሚገባው ነገር አለ፦ የዕለቱ በዓል፣ የዜማው ልክ፣ የቤቱ (የስንኙ) ብዛት። ጀማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ሦስት ሦስት ናቸው፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የመጣ ዕለት መወድስ ቁጠር የተባለ ተማሪ ቢኖር በማግሥቱ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። አንቺ ደግሞ ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብለሽ ራስሽን ያዘዝሽው መወድስ ነው፤ «ጣና» ብለሽ፣ ያን የሚያህል ሐይቅ!

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ቅኔ ቤት የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ነገር ግን ተማሪው ታሪክ ከራሱ አይፈጥርም። የሚያነሳው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሙሴና ባሕሩ፣ ዮናስና ዓሣ አንበሪው፣ ሶምሶንና ጸጉሩ። አዲስ የሚሆነው ማንን ከማን አገናኘ በሚለው ነው። ዮናስን ትናንት ማታ ጎረቤት ካደረ በሬ ጋር ሲያጋጥመው፣ የኔታ ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ሙሽራይቱ ያስቸገረችሽ አይምሰልሽ። ጀልባ የለም፣ ዓሣ የለም ስትልሽ ልክ ሰጥታሻለች። አንቺም ጨምሪበት፤ ከአንገት እስከ ደረት ብቻ፣ ወይም በሁለት ቀለም ብቻ፣ ወይም ክብ የሚባል ነገር ሳይገባበት። መጀመሪያ ጉባኤ ቃናዋን ሥሪ።

(አብሾ ጠጪ የሚልሽ ካለ አትስሚ። አእምሮ ይከፍታል ሲባል ሰምቻለሁ። ጠጥቶ የለየለት ሰው አይቻለሁ፤ ጠጥቶ ያማረ ቅኔ የቆጠረ ግን አላየሁም።)


ጥልፍ በሽምብጥ፦

መሪጌታ ልበልዎት መሰለኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ልኩ የነገሩኝ ገብቶኛል፤ ዛሬውኑ ሁለት ቀለም ብዬ ወስኛለሁ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። የእርስዎ ተማሪ ጫካ ሲገባ ሙሴንና ዮናስን ይዞ ነው። በእኔ ሙያ ሙሴና ዮናስ እነማን ናቸው? ጥልፍ የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ የምታውቀው መስቀልና ወይን ዘለላ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና። በእናንተ ቋንቋ ግስ የለኝም ማለት ነው።

ለባጃጁ፦ እምቦጭ በ2004 ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሕዝብ ጀርባው እስኪጎብጥ ሲነቅል ከርሞ፣ እኔ ሙሽራ ላይ ልትከለው? የሙሽራዋ እናት ከነማሽኔ ሐይቅ ውስጥ ትጥለኛለች።


መምህር ከፔዳ፦

ጣና ዳር ስለ መቀመጡ ጉዳይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ በ176 ሰዎች ላይ ሙከራ ሠርተው ነበር፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው «ይህ ተራ ዕቃ ሌላ ለምን ለምን ይውላል?» ዓይነት ነው። ሲራመዱ ያመጡት የሐሳብ ብዛት ተቀምጠው ካመጡት በአማካይ 60 በመቶ በለጠ። እስከዚህ ድረስ ብዙም አይገርም። የሚገርመው፣ ከፊሎቹ የተራመዱት ክፍል ውስጥ፣ በመራመጃ ማሽን ላይ፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት መሆኑ ነው፤ እነሱም በለጡ። ስለዚህ ዋናውን ሥራ የሠራው እግሩ ነው፣ እይታው አይደለም። ጣናን የማያይ የሽምብጥ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላንቺ ይበቃሻል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ መልስ ብቻ ያለውን ጥያቄ ሲሰጧቸው መራመዱ አልጠቀመም፤ እንደውም ትንሽ ጎዳ። ሐሳቡን ለማብዛት ተራመጂ፣ ለመምረጥና ለመለካት ቤትሽ ተቀመጪ።

የቴሌግራሙ ፎቶ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ጠላትሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ ጃንሰንና ስቲቨን ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች የንድፍ ሥራ ሰጡ፤ አንዱ ሥራ ቡና የማያፈስ ኩባያ ነበር። ለግማሾቹ ምሳሌ አሳዩአቸው። ምሳሌው ላይ መምጠጫ ቱቦ ነበረበትና፣ ቱቦ እንዳትጠቀሙ ተብለው በግልጽ ተነገራቸው። ምሳሌውን ያዩት ግን ተከልክለውም ቱቦ መሳላቸውን አልተዉም፤ ካላዩት ይልቅ እነሱ ላይ በዛ። ዓይን አንዴ ያየውን እጅ አይረሳም። ደንበኛ ስልኩን ሲያወጣ «ቆይ፣ መጀመሪያ በአፍህ ንገረኝ» በይው። ሲነግርሽ አንቺ ንደፊ። ፎቶውን ከዚያ በኋላ እዪ።


ባጃጅ አባይ ማዶ፦

ያን ቡና የማያፈስ ኩባያ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ፣ አስፋልቱ የተቆፈረበት ሰፈር ነው የምሠራው።


ዘጌ ጀልባ፦

ጠላፊዋ፣ «ሙሴና ዮናስ በእኔ ሙያ እነማን ናቸው» ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌ የምመላለስ አስጎብኚ ነኝ። ለመሆኑ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተሽ ታውቂያለሽ? ከእንግሊዝ ተነስቶ የሚመጣ አለ፣ የባሕር ዳር ሰው ግን «አንድ ቀን እሄዳለሁ» እያለ ነው የሚያረጀው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው አሉ፤ ኡራና አዝዋ ማርያም ግን ትገቢያለሽ።

ስትመጪ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ እርሳስ ያዢ። ሥዕሎቹ ሸማ ላይ ተስለው መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ጨርቅ ናቸው፣ ያንቺ ዘመድ ናቸው። ጎብኚው ሁሉ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ዘንዶውን አይቶ ይወጣል። አንቺ ዳሩን እዪ፤ በሥዕልና በሥዕል መካከል ያለውን ክፈፍ፣ የካባውን ጠርዝ፣ የፈረሱን ዕቃ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ ዘንድ የሚያሳዩሽን ብራና ተመልከቺ። ከገጹ አናት የተጠላለፈ ጌጥ ታገኛለሽ፣ ሐረግ የሚባለው። ጀምሮ እስኪጨርስ የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንደሚያልፍ በጣትሽ በአየር ላይ ተከተይው። ግስ የለኝም ላልሽው፣ ይኸው ግስሽ።

እነዚያም ሠዓሊዎች ቢሆኑ እንደልባቸው አልነበሩም። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥኡ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይህ ሕግ ነው። ግን ሕጉ ውስጥ ሆነው ያዩትን ያስገባሉ። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሄደሽ ብታዪ፣ በመግቢያው በኩል ፒፓ የሚያጨስ ፈረንጅ ተቀርጿል። ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፒፓ! እንግዶቼ ከሥዕሉ ሁሉ የሚስቁት በዚህ ነው።

ስለ ሙሽራዋ ደግሞ፦ ታንኳ አትፈልግም፣ ጥሩ። ታንኳው የሚሠራበትን ግን ከልክላሻለች? ከወደቡ ስንወጣ ደንገል ያለበት ጋ አቆምልሻለሁ። አንድ ዘንግ በቢላ አግድም ቁረጪና ጫፉን እዪው። ሸንበቆ ክብ ነው፣ ደንገል ግን ሦስት ማዕዘን ነው። ስንት ዓመት አጠገቡ ኖረን ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው ብዙ ነው፤ ታንኳ ሠሪዎቹ ግን ጎኑን በጎኑ ላይ እያስተኙ ስለሚያስሩት ያውቁታል። አናቱ ላይ ያለው ደግሞ ጸጉር ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በዙሪያው የሚበተን ቀጭን አረንጓዴ ክር። ጠላፊ ሆኖ ያንን አይቶ መርፌ የማያምረው ሰው ካለ ንገሪኝ።

የጀልባውን ከሌሎች ጋር ተጋርተሽ ትከፍያለሽ፣ ለብቻሽ አላስከፍልሽም። ጠዋት ነይ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል።


ጥልፍ በሽምብጥ፦

ሄጃለሁ! የደንገሉን ዘንግ ቤት ድረስ ይዤ ነው የመጣሁት፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሦስት ማዕዘኑን በእንጨት ቀለም ነክሬ ወረቀት ላይ ሳትመው ነው ያመሸሁት፤ እንደ ማኅተም ሆነልኝ። አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ እያደረግኩ ስደረድረው ማዕበል ይሆናል። እኔ አላሰብኩትም፣ ራሱ ነው የሆነው። መምህር እንዳሉትም በመንደሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞርኩ ነበር፤ ሰው አበደች ብሎ ሳይሆን አይቀርም። አናቱ ላይ ያለውን ጸጉር ደረቱ ላይ በእጅ እጠልፈዋለሁ፣ በአረንጓዴና በነጭ ብቻ።

ችግሩ ታችኛው ጠርዝ ነው። ሦስት ማዕዘኑ በማሽን ጥልፍ ሲሠራ ጨርቁን ይሰበስበዋል፣ ይኮማተራል። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ባደርግበት ደግሞ ቀሚሱ እንደ ቆርቆሮ ቆመ። ምን ላድርግ?


ሽማኔ ነኝ (ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)፦

ልጀ፣ ጠርዙን አንቺ ምን አገባሽ? እሱ የሽማኔ ሥራ ነው። ጥልፍ ከላይ የሚጫን ነው፤ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው፣ አይኮማተርም።

ይህን ሁሉ ሲያነብልኝ ሰማሁት፤ ቅኔውንም፣ ቡናውንም። እኔ ሐሳብ ከየት ይመጣል ብትዪኝ ከድሩ ነው። እኔ ክብ ልሥራ ብል ድሩ እምቢ ይላል፤ ድርና ማግ ቀጥ ብለው ነው የሚገናኙ። አበባ ሥራልኝ የሚለኝ ሰው በደረጃ በደረጃ የተሠራ አበባ ነው የሚወስድ። ሦስት ማዕዘን ግን ድሩ ራሱ ይወደዋል። ማጉን በወረወርኩ ቁጥር ከአንድ ጎን አንድ ድር እየቀነስኩ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ብዙውን ጥለት እንዲህ ነው ያገኘሁት፤ ድር ተበጥሶብኝ፣ ማግ አልቆብኝ፣ በሌላ ቀለም ስቀጥለው «ኧረ ይኸማ ያምራል» እያልኩ። ወጣት ሳለሁ ንድፍ ይዞ የመጣ ደንበኛ እወድ ነበር። አሁን ግን ቀለሙን ነግሮኝ የሚሄደውን ነው የምወድ።

አንቺ ደረቱን ጥለፊ፣ ጠርዙን እኔ እሠራልሻለሁ። ስፋቱን በስንዝር ሳይሆን በጣት ለክተሽ ላኪልኝ፤ የሙሽራዋንም ቁመት። ማዕበሉ መሐል ላይ እንዳይቆረጥ ሦስት ማዕዘኖቹ ወገቧን ዙረው እኩል መግጠም አለባቸው፣ እሱን ከድሩ በፊት ነው የምቆጥር።


ጥልፍ በሽምብጥ፦

አባባ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ልኩን ነገ እልክልዎታለሁ። አንድ ነገር ግን መጣብኝ፦ ዛሬ የሙሽራዋ እናት ወረቀቱን አይተው «ያምራል፤ ግን መስቀል የሌለበት ቀሚስ ልጄ አትለብስም» አሉኝ። ሙሽራዋ ደግሞ መስቀል ሁሉም ላይ አለ ብላ ፊቷን አዞረች። መሐል ቆሜያለሁ።


የድሮ የቆሎ ተማሪ፦

መስቀሉን ከደንገሉ ሥሪው። አራቱን ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ አግጥመሽ እዪው። እናት መስቀል ያያሉ፣ ልጅቱ ደንገል ታያለች። ሰሙን ለአንዷ፣ ወርቁን ለአንዷ፤ ማን ምን እንደደረሳት ግን እንዳትነግሪያቸው።


ሽማኔ ነኝ (ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)፦

መስቀሉ ከላይ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ አታድርጊው፤ መሬት ይነካል፣ ነውር ነው። ድር የማደራ ማክሰኞ ነው። አረንጓዴው የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ክር ቆርጠሽ ላኪልኝ፣ በስልክ ፎቶ አላምንም።